አንድ እግር ቦት ጫማ

ለቡና ለቀማ ከመቱ ወደ ያዮ ልሄድ ስነሳ አንዱ ቦት ጫማዬ የለም! ያን ሁሉ ጭቃ በምን ልረግጠው? መኪናው ደጅ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ፈልጊልኝ ልላት ለሊሴን ብጠራት እሷም የለችም። ለሊሴ የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ እኔ ነኝ የማሳድጋት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን እህል አልቀምስም፣ አልናገርም ብላ ነበርና ራሷን ጥላ ይሆን ብዬ ልቤ ከቤታችን በታች ወዳለው ወንዝ ሮጠ።

"ለሊሴ! ኮቱ! ነይ!" እያልኩ ጓሮ ብዞር፣ ከእንሰቱ ሥር ቦቴን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"ምን ነክቶሽ ነው? በሳምንቱ እመለስ የለም እንዴ!"

"እማዬም እመለሳለሁ ብላኝ ነበር" አለችኝ፣ ቦቱን ሳትለቅ። "ያኔ ጫማዋን አልደበቅኩባትም።"