በማስረጃው ላይ የተቀዳው

ዝናቡ ባያባርረኝ ኖሮ ወደዚያች የመኪና ዕቃ መሸጫ ባልገባሁም ነበር። ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ ላይ የመስታወት መጥረጊያና የወንበር ልብስ ተሰቅሏል። የሱቁ ባለቤት፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማረች ወጣት፣ ከባንኮኒው ኋላ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። ፊት ለፊቷ የታክሲ ሹፌር የሆኑት አጎቷ ተቀምጠዋል፤ ከመኪናቸው የነቀሉትን ትንሽ ካሜራ ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ወዲያ ጣይልኝ ይኼን ቆርቆሮ!» አሉ። «ጉድ ሠራኝ።»

«ጋሼ፣ ካሜራውማ ሥራውን ሠርቷል። ያጠፋነው እኛ ነን፤» አለች። «እኛ» ያለችው ለአክብሮት እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩን ከጨዋታቸው ለቃቀምኩት። ልጃቸው በዚያችው ታክሲ እግረኛ ገጭቶ ሰውየው ሞቷል። ልጁ «አረንጓዴ በርቶልኝ ነው የገባሁት» ይላል፤ ምስክሮች «ቀይ ጥሷል» ይላሉ። እናም ታስሯል። መኪናዋ ተመርምራ ስትለቀቅ ካሜራውን ልብ ያለ አልነበረም፤ አባት ግን ልብ ብለዋል። ለታሰረው ልጃቸው ብቻ ሹክ ብለው፣ ጠላት እንዳይሰማ ለጠበቃው እንኳ ሳይተነፍሱ፣ ፍርድ ቤት ፊት ዱብ ሊያደርጉት አሰቡ። እስከዚያው ቤቱ ጦሙን እንዳያድር በመኪናዋ መሥራት ቀጠሉ። ካሜራው እንደተሰካ ነበር፤ ዛሬ ሲያዩት የአደጋው ቪዲዮ የለም። ሰው መቼም መደበቅን ከማስቀመጥ አይለይም!

«የቀረጸውን ይዞ የሚቀመጥ መስሎኝ ነዋ! ፎቶ እኮ አልበም ከገባ አይጠፋም።»

«ሚሞሪው ትንሽ ነው፣ ጋሼ። ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ አዲሱን በላዩ ይቀዳል። አደጋው እንደደረሰ ይቺን ቁልፍ መጫን ነበር፤ ያ ቪዲዮ ይቆለፍ ነበር። ካልሆነም ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ።»

«እና አሁን ትልቅ ሚሞሪ ልትሸጭልኝ ነው?»

«ትልቁም ይዘገያል እንጂ መሙላቱ አይቀርም። ደግሞ የስልክ ሚሞሪ ካርድ አይሁን፤ ቀን ሙሉ ሲቀዳበት ቶሎ ይበላሻል። ለካሜራ ተብሎ የተሠራ አለ። ከዚያ ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጣለን፤ መኪናዋ ብትቃጠል እንኳ አይጠፋም።»

«ሰማይ ላይ ልስቀለው በይኛ! የቤቴን ጉድ ማንም እያየ እንዲስቅ?»

«በፓስወርድ ይዘጋል። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አያየውም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ግን ልክ መሆኗ ያንን ፊት የሚያፈካ አልነበረም። እኔም ዝናቡ ማባራቱን ልብ ሳልል እዚያው ቆምኩ።

«ለማንኛውም የቀረውን ልገልብጠው፤» ብላ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች። ካርዱ ላይ ከተረፉት የመጀመሪያው ቪዲዮ ተከፈተ። መንገድ ይታያል፤ ቀጥሎ የእስር ቤቱ አጥር። ድምፁ ግን የራሳቸው የሽማግሌው ነው፤ ጎናቸው የተቀመጡትን ባለቤታቸውን ያጽናናሉ። «አታልቅሺ፣ አንድ ነገር ይዣለሁ። ልጃችን ይወጣል።»

«የአደጋውን ያጠፋው ይኼ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይኼና መሰሎቹ፣ ጋሼ።»

በመጨረሻ ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ «እንዳልሽው አድርጊው፤» አሏት። ስልካቸውን አውጥተውም ከነገ ጀምሮ ታክሲዋን ለሚይዘው ታናሽ ልጃቸው ደወሉ።

«ስማኝ። ለካሜራው ደህና ሚሞሪ እየገባለት ነው። አንድ ነገር ካጋጠመህ ቁልፏን ተጫን፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ካርዱን አውጣ። እዚህ ሱቅ ለእህትህ አምጣላት፤ አንዱን ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱን ኢንተርኔት ላይ ታስቀምጥልሃለች። እንደኔ አትደብቅ፤ በዚያው ቀን ለጠበቃ ንገር። ያኔ ምስክር የፈለገውን ቢል፣ አንተም የሚናገርልህ ይኖርሃል። ማታ ማታም ካሜራው እየቀዳ መሆኑን እይ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንድምህ ጋ ነገ እኔ ነኝ የምሄደው። የለም፣ ሌላ ሰው እንዳይነግረው። እስካሁን ካሜራውን እየጠበቀ ነው።»