የደከመ ዓይን ጠበቃ

ራሱ ላይ ጸጉር የሌለው ሰው «ጸጉሬን ልስተካከል ነው» ብሎ ከቤት ከወጣ፣ ነገር አለ ማለት ነው። አባ ጠርጥር ግን ይህን አላሰቡበትም። ግራ ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ እያሉ፣ የግድግዳውን ጥግ ተከትለው ሄደው የጀልባ ዕቃ መሸጫውን በር ገፋ ሲያደርጉ ከማን ጋር ቢጋጩ ጥሩ ነው? ከገዛ የልጅ ልጃቸው ጋር!

«አባባ! ጸጉር ቤቱ ወደዚህ ተዛወረ እንዴ?»

«አንቺስ? ትምህርት ቤቱ ነው ወደዚህ የተዛወረው?»

ልጅቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። ለክፍል ሥራ ሽቦ ልትገዛ ነው የመጣችው፤ እውነቷን ነው። አባ ጠርጥር ግን ይህን ስም በከንቱ አላገኙትም። ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» ስለሚሉ ነው ጎረቤት ያወጣላቸው። አሁንም ሆዳቸው ወዲያው ፈረደ፦ ይቺን የላከቻት እናቷ ናት!

ምክንያት ነበራቸው። አባ ጠርጥር በካያክ፣ በዚያች የአንድ ሰው ጠባብ ታንኳ፣ ብቻቸውን እየቀዘፉ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ወደ ቤት የሚመለሱት ከዳር ያለውን ኮረብታና የውኃ ማማውን እያስተያዩ ነበር። በቅርቡ ግን ኮረብታው ጠፋባቸው። ጭጋግ አልነበረም፤ ሌላው አጥማጅ ሁሉ እያየው ለእሳቸው ብቻ ጠፋ። ሲቀዝፉ ውለው የማያውቁት ዳር ላይ ወጡ፤ ቤት ሲገቡም «ማዕበሉ ገፋኝ» ብለው ዋሹ። ልጃቸው፣ የዚህችው ተማሪ እናት፣ «አባዬ፣ ዓይንዎ የደከመ ዕለት ታንኳዋ ትሸጣለች» ብላ ከማለች ቆይታለች። እሷ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

እንግዲህ ሽማግሌው የመጡት መንገድ የሚመራ መሣሪያ በስውር ሊገዙ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ሲያዩ ግን ሐሳባቸውን እንደ ኮት ገልብጠው ለበሱት።

«እኔማ የመጣሁት ሰው እንዴት እንደሚታለል ልታዘብ ነው» አሉ።

«ይግቡ አባቴ፣ መታዘብ በነጻ ነው» አለ ሻጩ ፈገግ ብሎ። ወዲያውም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባለ ትልቅ ስክሪን መሣሪያ አበራ። «ይህ ዓሣ ጠቋሚ ነው። ከታች ያለውን ያሳያል። ጂፒኤስ ስላለው የተነሡበትን ቦታ ይዞ መልሶ ያመጣዎታል። ካርታ አለው፣ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ የጎኑንም ያያል...»

አባ ጠርጥር የታያቸው አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። «ይሄ የሚሄደው ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነዋ!»

«የት ያለ ዓሣ?»

አባ ጠርጥር ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ፈለጉ። መጥረጊያና ባልዲ አለ፤ ባልዲውም ደረቅ ነው።

«በሉ ስሙ ጉድ! በደረቅ መሬት ዓሣ አየ! አጥማጅ ውሸታም ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ መሣሪያው ከአጥማጁ ብሶ ቁጭ አለ!»

ልጅቱ በሳቅ ፈረሰች። «አባባ፣ ሱቅ ውስጥ ውኃ ስለሌለ ነው። አሠራሩን ለገዢ ለማሳየት ዓሣ እንዳለ ያስመስላል። ውኃ ላይ ሲወጡ ይሄ ይጠፋል።»

«አስመሳይ መሆኑን አንቺም አመንሽ! ጠርጥር፣ አይጠፋም ስንጥር ማለት ይሄ ነው። እሺ፣ ታች ያለውን ማን ይነግረዋል?»

«ገደል አጠገብ ቆመው ቢጮኹ ምን ይመልስልዎታል?»

«የገደል ማሚቶ።»

«ገደሉ ሩቅ ከሆነ ማሚቶው ይዘገያል፤ ቅርብ ከሆነ ቶሎ ይመጣል። ይሄም ወደ ታች ድምፅ ይልክና መልሱን ይጠብቃል። መልስ ከወለሉ ቀድሞ ከመጣ መሃል ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ዓሣ ሊሆን ይችላል፣ ሣርም ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል! አየሽ፣ እርግጠኛ አይደለም።»

«እርስዎስ መንጠቆ ሲጥሉ እርግጠኛ ሆነው ነው?»

አባ ጠርጥር ሲረቱ ልማዳቸው ነው፣ መንገድ ይለውጣሉ። «የማጠምድበትን ቦታ ለሰው ሁሉ ቢዘከዝክብኝስ?»

«እርስዎ ካላሳዩ ማን ያያል? እንደኔ አፍ የለው!»

ሻጩ ክርክሩ ውሎ እንደሚያድር ሲገባው፣ «ታንኳዎ እዚህ ውኃው ዳር፣ የጀልባ ማሰሪያው መድረክ ሥር ታስራ የለ? ወስዳችሁ ሞክሩት» አለ።

«ምን ፈልጎ ነው?» አሉ አባ ጠርጥር በሹክሹክታ። ተነሥተው ግን ሄዱ።

ሽማግሌው ካያኳ ውስጥ ተቀመጡ። ልጅቱ መድረኩ ላይ ተንበርክካ ድምፅ ላኪውን በታንኳዋ ጎን ወደ ውኃ አወረደች፤ ስክሪኑንም ጉልበታቸው ፊት አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ምስክር ከኪሳቸው አወጡ፤ ጫፉ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበት፣ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ። «ይቺ ተሳስታ አታውቅም» ብለው ለቀቁት። እርሳሱ መሬት ሲነካ ቋጠሮውን በጣታቸው ቆጠሩ።

«አራት ክንድ!»

ልጅቱ ከባትሪው ጋር እየታገለች፣ «ጎሽ! ተቀናቃኝዎ መሣሪያው የሚለውን ደግሞ ያነቡልኛል፤ አሁን...» ስትል ሳያስጨርሷት ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። ፈተናው መጣ! እናቷ አስጠንታ የላከቻት ጥያቄ ይቺ ናት! ስክሪኑ ለእሳቸው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ግን አጥማጅ ሒሳብ አያጣም፤ አራት ክንድ ሁለት ሜትር ግድም ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ።

«ሁለት ሜትር ይላል። ጥርት ብሎ ይታያል!»

ልጅቱ ቀና አለች። የባትሪው ሽቦ ጫፍ ገና በእጇ ነበር።

«አባባ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ገና አልበራም እኮ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያልሳቀችው እዚህ ላይ ነው።

«ወጥመድ ነው!» አሉ አባ ጠርጥር። «እናትሽ ናት የላከችሽ! በይ ሂጂ፣ ሩጪና ንገሪያት!»

«የላከኝ የለም። ደግሞ ዓይንዎን ለማወቅ ምን ወጥመድ ያስፈልገኛል? ባለፈው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት ‹እንዴት ዋልክ ወንድሜ› ብለው፣ አልመልስ ሲልዎት ‹ምን ያለው ባለጌ ነው› ያሉት ማን ነበር?»

«አይተሽኝ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስኪነግሩን ብዬ ነዋ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሻጩን የጠረጠሩ፣ መሣሪያውን የጠረጠሩ፣ የገዛ ደማቸውን የጠረጠሩ ሰው፣ ለዓይናቸው ሲሆን ጠበቃ ቆመው ይሟገቱ ነበር። ኮረብታውን ከሰሱ፣ ማዕበሉን ከሰሱ፤ ጥፋተኛው ግን ቅንድባቸው ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማል።

«ለእናትሽ ከነገርኳት ታንኳዬን ትሸጣታለች» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ከዚያ እኔ ምን ልሁን? ደጅ ወንበር አውጥቼ አላፊ አግዳሚ ልቁጠር?»

«ካልነገሯት ደግሞ፣ አባባ፣ አንድ ቀን ባዶዋን ታንኳ ነው የምትሸጠው።»

ምላሰኛዋ ልጅ ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። አባ ጠርጥርም «በይ አውጪኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

ሱቅ ሲመለሱ ሻጩን ቀጥ ብለው አዩት። «ስማ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። በእሱ ልክ አሳየኝ።»

ሻጩ ትልቁን መሣሪያ ወደ ጎን ገፋው። «ቀድመው ቢነግሩኝ ይህን ሁሉ መቼ እለፈልፍ ነበር? ይህማ ብዙ ነገር ስለሚያሳይ ሁሉንም አድቅቆ ነው የሚጽፈው» ብሎ ሌላ ዓሣ ጠቋሚ አወረደ። ነጭ መደብ ላይ ጣት የሚያህል ጥቁር ቁጥር ያወጣል።

«ሰባት... ሰባት ነው!» አሉ አባ ጠርጥር። «ይህን አልገመትኩም!»

ልጅቱ ግን ገና አልጨረሰችም። መሣሪያውን ፀሐይ ላይ አውጥታ ቁጥሩ እንዳልደበዘዘ አየች። «በዳሰሳ የሚሠራ ስክሪን እርጥብ ጣት አይሰማም፤ ይሄ ቁልፍ ስላለው በዳበሳም ያገኙታል። ባትሪው ቀላሉ ይሁን፤ ካያክ ሸክም አይወድም። መቅዘፊያው እንዳይመታው ከፊትዎ ይታሠራል፣ ቢገለበጡም እንዳይሰምጥ በገመድ ይያዛል።»

«ይቺ ቀስትስ?»

«የቤት መንገድ ናት። ሲነሡ ይቺን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሲመለሱ ቀስቷን ይከተሉ።»

«ውኃ አይገባውም ነው የምትለው?» አሉ ወደ ሻጩ ዞረው።

«አይገባውም።»

«ባልዲህን ሙላ።»

ሻጩ እየሳቀ ሞላው። መሣሪያው እንደበራ ገባ፣ እንደበራ ወጣ። ጥርጣሬ ቦታውን ሲያገኝ እንዲህ ነው፤ ዕቃ ይፈትሻል እንጂ ወገን አያቆስልም።

«ይሄም ቢሆን ይበላሻል» አለች ልጅቱ። «ስለዚህ ኮምፓስና ፊሽካ አይለይዎት፤ ጭጋግ ካለ ደግሞ መውጣት የለም።»

«እሺ እመቤቴ!»

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ልብስ ትተኩሳለች። አባ ጠርጥር በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያን ዕለት ማዕበል አልገፋኝም። ኮረብታው አልታየኝም።»

ካውያውን አቆመች። አባቷን አየች፣ ልጇን አየች፣ እቅፋቸው ውስጥ ያለውን ካርቶን አየች። «ማን አስጠናዎት?»

«ማንም። ይሄ መሣሪያ ይመልሰኛል።»

«መጀመሪያ ሐኪም። ቀጥሎ ደግሞ ሲመልስዎት በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።» የአባቷ ልጅ አይደለች!

ሐኪሙ ለቅርቡ መነጽር ሰጣቸው፤ የሩቁን ኮረብታ ግን እንደማይመልስላቸው ነገራቸው። ሰማዩ በጠራበት ጠዋት ልጃቸው ከታሰሩት ጀልባዎች መሃል እጇን አጣምራ ቆመች። ካያኳ ራቀች፣ ነጥብ አከለች፣ ጠፋች። ሴትዮዋ ጥፍሯን በልታ ልትጨርስ ነው። ቆይቶ ነጥቧ ብቅ አለች፤ ግራ ቀኝ ሳትል፣ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብላ መጣች። የታንኳዋ አፍንጫም የተነሣችበት አሸዋ ላይ አረፈ።

«ማነው እዚያ የቆመው?» አሉ አባ ጠርጥር። ድሮ ቢሆን ስም ገምተው ይጠሩ ነበር። «ጥላ ይታየኛል፤ ማን እንደሆንክ ግን አላወቅሁህም። ተናገር እስቲ።»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«አንቺ ነሽ? ነይ እይ! ሣሩ የት እንዳለ ስላሳየኝ አንድም መንጠቆ አልተበጠሰብኝም። ለመመለስም ስዞር አልዋልኩም፤ ጉልበቴ ይኸው አለ። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ ስወጣ የሚያስጨንቀኝ ውሸት አልነበረም።»

ልጃቸው ከነጫማዋ ውኃው ውስጥ ገብታ የታንኳዋን አፍንጫ ያዘች፤ በአንድ ትንፋሽ ወደ ደረቁ ጎተተቻት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?» አለች።