የሙሽራዋ እናት ሳሪ

ለንደን ውስጥ ከኪልበርን ባስ ተሳፍሬ ከሁለት የሐበሻ ሴቶች ፊት ተቀመጥኩ። ከወሬያቸው እንደገባኝ አንደኛዋ አክስት፣ ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ የአክስትየው ወንድ ልጅ ደግሞ የህንድ ልጅ ሊያገባ ነው።

"ሳሪውን መለስኩላት" አሉ አክስትየው።

"ለሙሽራዋ እናት? ለምን አክስቴ?"

"ስድስት ሜትር ጨርቅ እኮ ነው። መርፌ አልነካው፣ እጅጌ የለው። ተጠቅልዬ ሠርግ ልግባ?"

"ሳሪ እንደዚያ ነው የሚለበሰው። ደግሞ ተራ ሐር አይደለም፣ ባናራሲ ነው። አበባው ሁሉ በወርቅ ክር የተሠራ።"

"ወርቁ ጠቁሯል። ጠርዙም ሳስቷል። ሱቁ ሁሉ አዲስ ሐር ሞልቶት፣ ለእኔ ሲሆን አሮጌ?"

"እሷ ያገባችበት ስለሆነ ነዋ። ለልጇ መስጠት ስትችል ለእርስዎ ሰጠች።"

"ታዲያ አትናገርም?"

"ነገረችዎት እኮ። እርስዎ 'የስ፣ የስ' ይሏት ነበር።"

"እንግሊዝኛዋ ይሮጣል፤ ማን ይደርስበታል?"

"ሲመልሱላት ምን አለች?"

"ምን ትላለች። አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ዓይኗም እንባ አቀረረ መሰለኝ።"

"አክስቴ፣ አሁን ልደውልላትና ሶሪ ይበሏት።"

"ለአሮጌ ልብስ? ተይኝ እባክሽ። እኔ የሐበሻ ቀሚሴን እለብሳለሁ።"

አንገቴ ላይ የነበረውን ጠርዙ የሳሳ የእናቴን ሻርፕ ቀስ ብዬ ኮቴ ውስጥ ከተትኩት።