ከሰል ያስተማራቸው ዶክተር

ከሰል ያሳደገው ሰው ከሰልን ላስቀር ቢል ይፈረድበታል? እኔ እስካሁን መልሱ ጠፍቶኛል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ልጄ ስታስል ሰምተው "ቤት ምን ታነዳላችሁ?" አሉኝ። "ከሰል ነዋ! ባሌ ዲከረንስ ዛፍ ተክሎ ያከስላል፤ እንጀራችን እሱ ነው" አልኳቸው። ለካ ስለ መብራትና ስለ ማገዶ መንግሥትን የሚያማክሩ ዶክተር ናቸው።

"የኔ ሥራ እኮ ከሰልን ማስቀረት ነው" ሲሉኝ ደነገጥኩ። "እንግዲያስ እርስዎ ይቀልቡናላ፣ ጋሼ!" አልኩ። ከት ብለው ሳቁ። "እኔንም ያስተማረኝ እናቴ ጥሊሊ ገበያ የሸጠችው ከሰል ነው። ሥራዬን ስነግራት 'የበላህበትን ወጪት ልትሰብር ነው?' ብላ ቁጣ!" ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲወርዱ ግን ልጄን ዳሰስ አድርገው "ከጭሱ አርቂያት፣ እናቴንም ያሳላት እሱ ነበር" አሉኝ።

አሁን ባሌ መሬቱ ላይ ዲከረንስ ልድገም ወይስ ድንች ልትከል እያለ ይጠይቀኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።