ወይዘሮ ታልከ ያጠቡት የመድፈኛ ምልክት

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ታልከ ኦልትማንስ
ዕድሜ፦ 74
አድራሻ፦ ቪልሄልምስሃፈን ከተማ፣ ወደብ አካባቢ
ሥራ፦ ጡረተኛ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኖቬምበር 6 ቀን 2012፣ ረፋድ ላይ

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። በማጭበርበር የተከሰሰው ሃዮ ኦልትማንስ ባለቤቴ ነው። ከዕድሜው እኩሌታ በላይ የድሮ ባሕር ኃይል ምልክቶችን ሲሰበስብ ኖሯል፤ የትከሻ ማዕረግ፣ የቆብ ጥብጣብ፣ በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ተኩስ ላሳመሩ መድፈኞች የተሰጡ ሽልማቶች። እኔ ደግሞ አቧራቸውን ስጠርግ ኖሬያለሁ። ሰልችቶኛል፤ ይህም ይጻፍልኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሃዮ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ እንደሱ ሰብሳቢ ለሆነው ወዳጁ ለአቶ ፎልከርት ብሩንስ ሊለውጠው ያዘጋጀውን አንድ የተኩስ ሽልማት ከወረቀቱ አወጣሁት። በነጭ የበጋ ልብስ ክንድ ላይ የሚሰፋ ጨርቅ ሲሆን በሰማያዊ ክር መድፍ ተጠልፎበታል። ነጭነቱ ጠፍቶ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይቀርብም ብዬ በዱቄት ሳሙና አጠብኩት፤ በካውያ አድርቄ ወደ ወረቀቱ መለስኩት። ባሌን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ሃዮና ልጃችን ኢምከ ወደ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር አዳራሽ ሄድን። በማኅበሩ ልማድ ልውውጥ ከመጽደቁ በፊት የአዳራሹ መብራት ይጠፋና ዕቃው አልትራቫዮሌት በሚሉት ሐምራዊ የመመርመሪያ መብራት ይታያል። የድሮ ክር ጨለም ብሎ ይቀራል፣ አዲስ ክር ያበራል ይላሉ። የሃዮ ጨርቅ ቦግ አለ። አቶ ብሩንስም «ሃዮ! አንተ አሮጌ ቀጣፊ፣ ይሄን ትናንት ማታ ነው የሰፋኸው?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያው መብራት የአቶ ብሩንስ የሸሚዝ ኮሌታ ከጨርቁ የበለጠ ያበራ ነበር፤ የሚያነጣ ሳሙና የነካው ሁሉ እንዲሁ ነው። መርማሪው ካላመነኝ የራሱን ሸሚዝ ይሞክር። ኮሌታውን ግን ሐሰተኛ ያለው ሰው የለም።

ሃዮ ጨርቁን አንሥቶ አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። «ቤት ውስጥ የነካው ሰው አለ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁት «ማንም አልነካውም። እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የማይችል ሰው ነው። የሸሚዙን ቁልፍ የምተክልለት እኔ ነኝ።

ለምን እንደዋሸ ላስረዳ። ካለፈው ዓመት ወዲህ እረሳለሁ። ካውያውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ አውቃለሁ፤ የልጄ ስም የጠፋኝ ቀንም አለ። ሃዮ ሁሉንም ይሸፍንልኛል። ኢምከ «እማዬ አንድ ነገር ደግማ ካበላሸች አረጋውያን መኖሪያ ትገባለች፤ አበቃ» ብላው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አጠገባችን ቆማ ነበር። ባሌ እኔን ከቤቴ ከሚያስወጡኝ ስሙ ቢጠፋ መረጠ። አቶ ብሩንስ ከዚህ በፊት የተለዋወጥነው ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ከሰሰው፤ ማኅበሩም አባረረው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሱ ግን ሳይሞት ተቀበረ። አሁን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ወዳጅ ይጠብቃል፤ የሚመጣ የለም። ይህን እያየሁ መኖር አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነው ብዬ ስነግረው «ታልከዬ፣ ተይው። እኔ በስም ምን አደርጋለሁ? አንቺ ግን ቤትሽ ያስፈልግሻል» አለኝ። «ዝም በልና ካፖርቴን አቀብለኝ» አልኩት። አቀበለኝ።

ፍርድ ቤት በምጠራበት ቀን «የምን ጨርቅ?» ብዬ ልጠይቅ እችላለሁ። ያን ጊዜ የዚያ ቀን ቃሌ ሳይሆን የዛሬው እንዲታመን አሳስባለሁ። ጽሑፉ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ልጄ ስታነበው ምን እንደምታደርገኝ አውቃለሁ። ዛሬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ታልከ ኦልትማንስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ኦከ ሂንሪክስ