ሳትወለድ ታጭታ ሳትወለድ የተተወችው

ነፍሰ ጡሯ እህቴ ሰቆጣ ከተማ አልትራሳውንድ ስትታይ፣ የፅንሷ እንቁልጢ (የእንቁላል ማምረቻ) ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። ሐኪሙ «እየተከታተልን እናየዋለን» አላት። ፅንሷ ሴት ናት ሲባል ገና ሳትወለድ ለልጅ ልጃቸው ያጯት ጎረቤታችን እማማ ትርፌ ይህን ሰምተው፣ «መካን አንፈልግም፤ እጮኝነቱ ቀርቷል» አይሉም! እህቴ አለቀሰች፤ የእኔ ደም ፈላ፤ ከስልኬ ያነበብኩትን ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ከረጢቱ በእናቷ ሆርሞን የሚመጣ ነው! አብዛኛው ከተወለደች በኋላ በራሱ ይጠፋል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው በጣም ካደገ ወይም እንቁልጢው ከተጠማዘዘ ነው።»

«ወግድ፣ አንተ የስልክ ሐኪም!»

ልጅቷ ተወልዳ ወራት ስታስቆጥር ከረጢቱ ጠፋ። ያን ጊዜ እማማ ትርፌ ቅቤ ይዘው፣ «ምራታችን እንዴት ናት?» እያሉ ገቡ። እህቴ ልጇን እቅፍ አድርጋ፣ «እዚህ ቤት ምራት የለዎትም፤ እኔ ግን ልጅ አለችኝ» አለቻቸው። ቅቤውን መልሼ ያስታቀፍኳቸው እኔ ነኝ።