የአማዞኑ ሽሮ

ሲያትል፣ ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ ስነዳ ከርሜ በስንት ልመና እረፍት አገኘሁና፣ አማዞን ጫካ መሃል ያለች፣ በጀልባ ወይም በአውሮፕላን እንጂ በመኪና የማይገባባት የወንዝ ከተማ ልሄድ ተነሣሁ። ለደኅንነቴ ሲባል ክሊኒኩ ያዘዘኝን ሁሉ ፈጽሜአለሁ፤ ክትባቱን ተወግቻለሁ፣ ከወባ የሚያድነኝን አጎበርም ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ። በመጨረሻ ደክሞኝ ጋደም ስል፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሬንተን ከተማ፣ አፓርታማችን ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ ዘነበች ሦስት ኪሎ ሽሮ ይዘው ከች አሉ።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለሐበሻው ነዋ!»

«እዚያ እኮ ሐበሻ የለም። መንገድ እንኳን የለም።»

«አንተ ደግሞ! እኛ ሲያትል ስንመጣ ማን ነበረ? አንድ አይጠፋም። የተቀበለህን ሰው ስም ጽፈህ አምጣልኝ፤ ደረሰው አልደረሰው እያልኩ እንዳልጨነቅ።»

ቀኑን ሙሉ ስነዳ ውዬ ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበረኝም። ሻንጣው ደግሞ ሽሮውንና አጎበሩን አንድ ላይ አልችል አለ። ቁጭ ብዬ ጉዳዩን በእርጋታ መዘንኩትና አጎበሩን አወጣሁ። የወባ ትንኝ ነክሳ ትበራለች፤ እትዬ ዘነበች ግን የሚኖሩት ከቤቴ በር ፊት ለፊት ነው።